የአያት ጠመንጃ የት ተሠራ? መቼ ተሠራ? ከሰሜን ሸዋ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከመንዝ እስከ ምንጃር፣ ከመርሐቤቴ እስከ ቡልጋ፣ ቆጥ ላይ ወይም ግድግዳ ላይ የተቀመጠ የአያት ጠመንጃ ብርቅ አይደለም። ብርቅ የሆነው ብረቱ ላይ የተጻፈውን ማንበብ የሚችል ሰው ነው። አብዛኛው ሰው "የአድዋ ነው" ወይም "የአርበኝነት ጊዜ ነው" ብሎ ያልፈዋል። ልክ ሊሆን ይችላል። ግን ብረቱ ራሱ ይናገራል። የተሠራበት ከተማ፣ ፋብሪካው፣ ብዙ ጊዜም ዓመቱ እዚያው ላይ ተመትቷል።

አንድ ነገር አስቀድመን እንስማማ። ጠመንጃዎቹ ላይ ያለው ዓመት በአብዛኛው የፈረንጅ ስለሆነ፣ እዚህ የምጽፈው ዓመት ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው። በእኛ ስቆጥር "በእኛ" እላለሁ።

ጠመንጃውን ላየው ነው። ከምን ልጀምር?

ጎርሶ እንደሆነ ከማጣራት። ይሄ ቀልድ አይደለም። ሠላሳ ዓመት ያልተነካ ብረት ውስጥ ጥይት ሊኖር ይችላል። አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አዙሩ፣ ጣታችሁን ከቃታው አርቁ፣ ማቀባበያው የሚከፈት ከሆነ ክፈቱና ውስጡን እዩ። የሚያውቅ ሰው አጠገባችሁ ካለ ይበልጥ ጥሩ።

በአፈሙዝ በኩል ባሩድ የሚሞላው የድሮ ዓይነት ከሆነ መክፈቻ የለውም። ቀጭን እንጨት በአፈሙዙ ቀስ አድርጋችሁ እስኪቆም አስገቡ፣ ከአፈሙዙ ጫፍ ጋር የሚገጥመው ቦታ ላይ ምልክት አድርጉ፣ አውጡትና ከውጭ በኩል ከአፈሙዙ ጋር አስተካክላችሁ ለኩት። እንጨቱ እሳት የሚገባባት ቀዳዳ ድረስ ካልደረሰ ውስጥ የቀረ ነገር አለ። በዚያን ጊዜ ለማውጣት አትታገሉ። ባሩድ በደረቅ ቦታ መቶ ዓመትም ቢቀመጥ ሊቀጣጠል ይችላል። ለሚመለከተው የጸጥታ አካል ንገሩ።

"ይሠራል ወይ?" ብሎ ለመሞከር መተኮስ ደግሞ ጭራሽ አይታሰብም። ብረቱ ከውስጥ ተበልቶ ሊሆን ይችላል፣ የሚፈነዳውም ፊታችሁ አጠገብ ነው።

ጽሑፉ የት የት ይገኛል?

መጀመሪያ የሚታየው ጥይት የሚጎርስበት ወፍራሙ ብረት ነው፣ መጉረሻው እንበለው። አናቱንና ግራ ጎኑን እዩ። ቀጥሎ የአፈሙዙ ሥር፣ ማለትም አፈሙዙ ከመጉረሻው ጋር የሚጋጠምበት ቦታ ዙሪያውን። ከዚያ ከመጉረሻው በስተኋላ ወደ ሰደፉ አንገት የሚወርደው ጠባብ ብረት። ከዚያ ሰደፉ፦ በቀኝ ጎኑ ላይ እንጨት ውስጥ የተመታ ክብ ማኅተም ይኖር ይሆናል። የሰደፉ ታች ያለውን ብረትም አትርሱ፣ እዚያ ላይ ብዙ ጊዜ ቁጥር አለ።

በቀን ብርሃን ፊት ለፊት ብታዩት የደበዘዘ ጽሑፍ አይነበብም። ጨለም ያለ ክፍል ውስጥ ግቡና የስልካችሁን መብራት ከጎን፣ ብረቱን እየላሰ እንዲያልፍ አድርጋችሁ አብሩ። የተመታው ፊደል ጥላ ይጥላል፣ ያኔ ይነበባል። ቀጭን ወረቀት ከላይ ዘርግቶ በእርሳስ ጎን ቀስ ብሎ ማሸትም ይሠራል። ያያችሁትን ሁሉ፣ ያልገባችሁንም ምልክት ጭምር፣ እንዳለ ወረቀት ላይ ቅዱት። አክሊል፣ ኮከብ፣ ቀስት፣ መዶሻ፣ ነጠላ ፊደል፣ ሁሉም ትርጉም አለው። ትልልቁን ጽሑፍ ብቻ ቀድቶ ትንንሾቹን መተው የተለመደ ነው፣ ግን ብዙ ጊዜ ነገሩን የሚፈቱት ትንንሾቹ ናቸው።

"ውጅግራ ነው" ይሉኛል። ውጅግራ ከሆነ ማን ሠራው?

ውጅግራ የፈረንሳይ ጦር በ1874 የተቀበለው የግራ ጠመንጃ ነው። አንድ ጥይት ብቻ ይጎርሳል፣ የጥይቱ ውፍረት 11 ሚሊ ሜትር ነው፣ ረጅም ነው፣ ማቀባበያው ተዘዋውሮ ወደ ኋላ ይሳባል። በአፄ ምኒልክ ዘመን በብዛት ገብቷል፣ ስለዚህ በሸዋ ገጠር ከሚገኙት የድሮ ብረቶች ውስጥ ቶሎ የሚያጋጥመው እሱ ነው።

የመጉረሻውን ግራ ጎን እዩ። በፈረንሳይኛ የፋብሪካው ስም ተጽፎ ከሥሩ የ1874 ሞዴል መሆኑ ይገለጻል። ፋብሪካዎቹ በዋናነት ሦስት ናቸው፦ ሳንት ኤትየን፣ ሻተልሮ እና ቱል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል፦ 1874 የሚለው የሞዴሉ ስም ነው። ጠመንጃው በዚያ ዓመት ተሠራ ማለት አይደለም። የተሠራበት ዓመት አፈሙዙ ሥር ላይ ለብቻው ተመትቷል፣ ለምሳሌ 1877 ወይም 1879። የሰደፉ ክብ ማኅተም ካልጠፋ ደግሞ ወሩንም ጭምር ሊሰጣችሁ ይችላል።

ሌላም አለ። ጎኑ ላይ "1866-74" የሚል ካገኛችሁ፣ የያዛችሁት መጀመሪያ ሻስፖ የተባለ፣ በወረቀት የተጠቀለለ ጥይት የሚተኩስ የ1866 ሞዴል ጠመንጃ ሆኖ ተሠርቶ በኋላ ወደ ግራ የተቀየረ ነው። ስለዚህ አፈሙዙ ላይ 1868 ቢል አትደንግጡ። ሙትዚግ የሚል የፋብሪካ ስም ካለበት ደግሞ መጀመሪያ የተሠራው ፈረንሳይና ጀርመን ከተዋጉበት ከ1870 ጦርነት በፊት መሆኑ እርግጠኛ ነው፣ ምክንያቱም ሙትዚግ ያለችበት አልዛስ ከዚያ ጦርነት በኋላ ለጀርመን ስለተላለፈች ለፈረንሳይ መሥራቷ ቆሟል።

ኤም የሚለው ፊደልና 80 አብረው ተመትተው ካገኛችሁ፣ በ1880 በወጣው መመሪያ መሠረት ታርሟል ማለት ነው። ቀለህ ሲቀደድ ጋዙ ወደ ተኳሹ ዓይን እንዳይመጣ መጉረሻው ውስጥ መውጫ ቦይ ተቀድዶለታል።

ሁሉም ግራ የፈረንሳይ ሥራ አይደለም። የኦስትሪያው የሽታየር ፋብሪካ ለግሪክ መንግሥት ብሎ ሠርቷል፣ ጎኑ ላይም የራሱን ስም ጽፏል። ስለዚህ ሽማግሌዎቹ ውጅግራ ያሉት ትክክል ሆኖ፣ ብረቱ ላይ የሽታየር ስም ቢገኝ ተቃርኖ የለውም።

ብረቱ ላይ በግልጽ 1864 እና 1866 ይላል። የተሠራው ያኔ ነው አይደል?

ምናልባት አይደለም። ይሄ የሬሚንግተን ነገር ነው፣ ከሁሉም በላይ ሰው የሚያሳስተው እሱ ነው።

የአሜሪካው የሬሚንግተን ጠመንጃ ከመጉረሻው በስተኋላ ባለው ጠባብ ብረት ላይ ረጅም ጽሑፍ አለው። የኩባንያው ስም፣ ኢሊየን የምትባለው የኒው ዮርክ ከተማ፣ ከዚያ ቀንና ዓመት ይደረደራል። እነዚያ ቀኖች የፈጠራ መብት የተሰጠባቸው ቀኖች ናቸው። ጠመንጃው ከዚያ በኋላ ስንት ዓመትም ቆይቶ ሊሠራ ይችላል። ግን ከንቱ አይደሉም፣ ምክንያቱም የመጨረሻው ቀን ታችኛውን ድንበር ይሰጣል። 1871 የሚል ቀን ከተጨመረበት ከ1871 በፊት ሊሠራ አይችልም። ላይኛውን ድንበር ደግሞ የኩባንያው ስም ይሰጣል። "ሬሚንግተንና ልጆቹ" የሚለው ስም እስከ 1888 ድረስ ነበር፣ ከዚያ ኩባንያው ተሽጦ ስሙ ተቀየረ። በዚህ መንገድ ዓመት ሳይጻፍ ዓመቱን ከሁለት ወገን ማጥበብ ይቻላል።

ከጽሑፉ ሌላ የዓረብኛ ምልክት ካየህ ደግሞ ነገሩ ይጣፍጣል። ግብፅ ከ1869 ጀምሮ ሬሚንግተን በብዛት አዝዛ ነበር። የግብፅ ጦር በኅዳር 1875 ጉንደት ላይ፣ በመጋቢት 1876 ጉራ ላይ በአፄ ዮሐንስ ጦር ሲመታ ብዙ ሬሚንግተን ከነጥይቱ እዚሁ ቀርቷል። ከዚያ ከእጅ ወደ እጅ ደቡብ ድረስ ወረደ። በ1887 ደግሞ ጣልያን ገለልተኛ እንዲሆኑላት ብላ ለንጉሥ ምኒልክ 5,000 ሬሚንግተን ለመስጠት ውል ገብታለች። ስለዚህ የዓረብኛ ምልክት ያለበት ሬሚንግተን በአንድ መንገድ፣ የሌለበት በሌላ መንገድ መጥቶ ሊሆን ይችላል፤ ምልክቱ የመንገዱም ፍንጭ ነው ማለት ነው።

አክሊልና የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አለበት። በአፈሙዝ ነው የሚሞላው።

አንኮበር አካባቢ ከሆናችሁ ይሄን ጥያቄ በጥንቃቄ ያዙት። በ1841 ሻምበል ሀሪስ የመሩት የእንግሊዝ ልዑክ ለንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ካመጣው ስጦታ ውስጥ 300 ጠመንጃ ከነሳንጃው ነበረበት። ልዑኩ የተነሣው ከህንድ ነው።

የዚያን ዘመን የእንግሊዝ ጠመንጃ ጽሑፉ ያለው በቀኝ ጎን፣ መዶሻው የተያያዘበት ሳህን ላይ ነው። አክሊል ያለበት የንጉሥ ምልክትና "ታወር" የሚል ቃል ካለ፣ ለእንግሊዝ መንግሥት ጦር የተሠራ ነው። ታወር የለንደኑ የጦር ግምጃ ቤት ነው፣ ብረቱን የሠሩት ግን ብዙ ጊዜ የበርሚንግሃምና የለንደን የግል ባለሙያዎች ናቸው። የእነሱ ስም ካለ ከአፈሙዙ ሥር፣ እንጨቱ በሚሸፍነው በኩል ነው የሚገኘው። ከ1764 በኋላ ሳህኑ ላይ ዓመት መጻፍ ለረጅም ጊዜ ስለቀረ፣ ዓመት አጣን ብላችሁ አትዘኑ። በሁለት እግሩ ቆሞ አክሊል የያዘ አንበሳ ካለበት ደግሞ የእንግሊዝ ምሥራቅ ህንድ ኩባንያ ንብረት ነበር። አንኮበር አካባቢ እንዲህ ያለ አንበሳ ያገኘ ሰው ብረቱን በደንብ ጠቅልሎ ያስቀምጥ፣ የሚያውቅ ሰውም ይጥራ።

በኋላ ዓመቱ ተመልሶ መጻፍ ጀምሯል። ሳህኑ ላይ እንደ 1856 ያለ ዓመት፣ አክሊል፣ ከዚያ "ታወር" ወይም "ኤንፊልድ"። ኤንፊልድ ካለ የመንግሥት ፋብሪካው ራሱ ሠርቶታል። ስናድር የምንለው ብዙ ጊዜ ከእንዲህ ያለው ኤንፊልድ ተቀይሮ ከኋላ እንዲጎርስ የተደረገ ነው፣ የእንግሊዝ ጦር የተቀበለውም በ1866 ነው። ስለዚህ ስናድር ላይ ከ1866 የቀደመ ዓመት ማግኘት የተለመደ ነው፣ ሳህኑ የቀድሞ ሕይወቱን ይዞ ስለቀረ።

በአፈሙዝ የሚሞላ ሁሉ ግን የሣህለ ሥላሴ ዘመን አይደለም። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ በየካቲት 1887 አንኮበር የደረሰው ከ2,000 በላይ በአፈሙዝ የሚሞሉ ጠመንጃዎች ጭኖ ነው። አውሮፓ ያኔ ትታቸው ነበር።

የጣልያን ነው። ከአድዋ የመጣ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

ሁለት ዓይነት አለ፣ ለዩዋቸው።

የመጀመሪያው ቬተርሊ ነው፣ የ1870 ሞዴል። የጥይቱ ውፍረት 10.4 ሚሊ ሜትር ነው። አፈሙዙ ሥር ላይ የከተማው ስምና ዓመቱ ይጻፋል፦ ቶሪኖ፣ ብሬሻ፣ ቶሬ አኑንዚያታ፣ ቴርኒ። መጀመሪያ አንድ ጥይት ብቻ ይጎርስ ነበር። ከ1887 ጀምሮ አራት ጥይት የሚይዝ ካዝና ከሥሩ ተገጠመለት። ስለዚህ አፈሙዙ 1879 ቢልም፣ ከሥሩ ወደ ታች የወጣ ካዝና ካለው አሁን ያለውን መልክ ያገኘው ከ1887 በኋላ ነው። በየካቲት 23 ቀን 1888 በእኛ፣ አድዋ ላይ ከጣልያን ወታደሮች እጅ የነበረው አንዱ ዋና ጠመንጃ ይሄ ባለ አራት ጥይቱ ነው።

ግን አንድ ፈተና ይቀረዋል። አፈሙዙን ጫፉ ላይ ለኩት። ጣልያን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ ከ1915 ጀምሮ፣ ብዙ ቬተርሊ አፈሙዙ ውስጥ ሌላ ቱቦ አስገብታ ወደ 6.5 ሚሊ ሜትር አጥብባዋለች። የናንተው ቀዳዳ እንደዚያ ጠባብ ከሆነ አድዋ ላይ አልነበረም። በኋላ፣ ምናልባትም በ1928 በእኛ ወረራ ጊዜ ከመጡት ጋር የገባ ነው። ይሄ ለቤተሰቡ መጥፎ ዜና መስሎ የሚታያቸው አሉ። እኔ አይመስለኝም። ከሰሜን ሸዋ አርበኞች እጅ የገባ ብረት ከአድዋው የሚያንስበት ምክንያት የለም።

ሁለተኛው ካርካኖ ነው፣ የ1891 ሞዴል፣ 6.5 ሚሊ ሜትር፣ ስድስት ጥይት በአንድ ማያያዣ የሚጎርስ። ራስ አበበ አረጋይና ሌሎች አርበኞች በነዚህ ተራሮች ሲዋጉ ከጠላት ይማርኩት የነበረው በአብዛኛው ይሄ ነው። አፈሙዙ ሥር አክሊል፣ የፋብሪካው ስም (በብዛት ቴርኒ) እና ዓመቱ አለ። አንዳንዱ ላይ ከዓመቱ ቀጥሎ የሮማ ቁጥር ታያላችሁ። ያ የፋሽስቶቹ የራሳቸው አቆጣጠር ነው፣ ከጥቅምት 1922 መጨረሻ የሚጀምር። አሥራ አራት የሚል የሮማ ቁጥር ከጥቅምት 1935 መጨረሻ እስከ ጥቅምት 1936 መጨረሻ ያለው ጊዜ ነው፣ ማለትም ወረራው ራሱ የተካሄደበት ዓመት። የሮማ ቁጥር የሌለው፣ 1917 ወይም 1918 የሚል ካርካኖም በብዛት አለ።

ምንሽር፣ በልጅግ፣ መስኮብ የሚሉትስ?

ምንሽር የተባለ ሁሉ ማንሊኸር አይደለም፣ ስሙ ሰፍቶ ለብዙ ዓይነት ብረት ተሰጥቷል። እውነተኛው ማንሊኸር የኦስትሪያና ሀንጋሪ ነው። የ1895 ሞዴሉ መጉረሻ አናት ላይ "ሽታየር" ወይም "ቡዳፔስት" ይላል፣ ከሥሩም የሞዴሉ ቁጥር 95 አለ። እሱ ደግሞ ዓመት አይደለም። ዓመቱን አፈሙዙ ሥር ፈልጉ፦ ሁለት ራስ ያለው ንሥር፣ አጠገቡ የከተማ ምልክት (ለቪየና ዳብሊው እና ኤን)፣ ከዚያ ሁለት አሃዝ። 98 ካለ 1898፣ 17 ካለ 1917 ነው። አፈሙዙ ላይ ትልቅ ኤስ ፊደል ለብቻዋ ከተመታች በ1930ዎቹ ለሌላ ጥይት ተቀይሯል ማለት ነው።

በልጅግ የቤልጂየም ነው። የሊዬዥ ከተማ የፍተሻ ምልክት እንቁላል ቅርጽ ውስጥ ያሉ ሦስት ፊደላት ናቸው፦ ኢ፣ ኤል፣ ጂ። ከላያቸው ትንሽ አክሊል ካለ ከ1893 ወዲህ ነው፣ ከሌለ ከዚያ በፊት። ይቺን አንዲት አክሊል መፈለግ ብቻ ብዙ ጥያቄ ይፈታል። ግን ምልክቱ ፈታሹን እንጂ ሠሪውን አይነግርም፣ ሊዬዥ ውስጥ ብዙ ሠሪ ነበር። ከሄርስታል ፋብሪካ የወጣው ማውዘር ግን የፋብሪካውን ሙሉ ስም ይይዛል። ለኢትዮጵያ ታዝዘው የተሠሩት ደግሞ መጉረሻቸው አናት ላይ የይሁዳ አንበሳ አለባቸው። አንበሳውን ካገኛችሁ ብረቱ ገና ሲሠራም ለዚህ አገር ታስቦ ነበር ማለት ነው።

መስኮብ የሚባለው የሩስያው ደግሞ ጽሑፉ በሩስያ ፊደል ነው፣ ዓመቱ ግን በምናውቀው አሃዝ። መዶሻ ካለ የቱላ ፋብሪካ ነው፣ ቀስትና ደጋን ካለ የኢዠቭስክ። ለምኒልክ ከመጡት ውስጥ ባለ አንድ ጥይቱ በርዳን ይገኝበታል።

ከ1933 በእኛ ወዲህ የገባው የእንግሊዝ ሊ ኤንፊልድ ከሁሉም ይቀላል። ከማቀባበያው እጀታ በታች፣ ሰደፉ የሚገባበት ብረት ላይ፣ አክሊል፣ የንጉሡ ምልክት፣ ሠሪው፣ ዓመቱ፣ ሞዴሉ በተራ ተጽፈዋል። ቪ አር የንግሥት ቪክቶሪያ ነው፣ እስከ 1901። ኢ አር ኤድዋርድ ሰባተኛ፣ እስከ 1910። ጂ አር ከዚያ በኋላ ያሉት ጆርጆች።

ዓመቱ በግዕዝ ቁጥር ወይም በዓረብኛ ቁጥር ቢሆንስ?

በግዕዝ ቁጥር ከሆነ የኛ አቆጣጠር ነው፣ የተመታውም አብዛኛውን ጊዜ አገር ውስጥ፣ በባለቤቱ ትእዛዝ ነው። ስለዚህ የተሠራበትን ሳይሆን ባለቤት ያገኘበትን፣ የተሸለመበትን ወይም የተመዘገበበትን ጊዜ ሊናገር ይችላል። ወደ ፈረንጅ ለመቀየር ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 አካባቢ 7፣ ከዚያ ወዲያ 8 ደምሩ። ወሩ ካልታወቀ ሁለቱንም ጻፉ።

በዓረብኛ ቁጥር ከሆነ ሒጅራ ሊሆን ይችላል። ሒጅራ በጨረቃ ስለሚቆጥር ዓመቱ ያጥራል፣ ስለዚህ ደፍኖ ይሄን ያህል መደመር አይሠራም። 1292 ሒጅራ በ1875 የጀመረ ነው። መቀየሪያ ሠንጠረዥ ተጠቀሙ።

አንዱ ብረት ላይ አንድ ቁጥር፣ ሌላው ላይ ሌላ ቁጥር አለ። የውሸት ነው?

አይደለም። ጠመንጃ ሲሰበር ከሌላ ጠመንጃ ይጠገን ነበር። የኛ አገር ብረት ሠሪዎች ማቀባበያ ከአንዱ፣ ሰደፍ ከሌላው አጋጥመው ስንቱን አድነዋል። እንጨቱ የወይራ ወይም የሌላ የአገር ዛፍ ሆኖ ካገኛችሁት ያ ጥገና የጠመንጃው ታሪክ አካል ነው፣ "ኦሪጅናል አይደለም" ብላችሁ አትጣሉት። ለማንነቱ ግን መጉረሻውን እመኑ። የአፈሙዙ ዓመት የአፈሙዙ ነው፣ የሳህኑ ዓመት የሳህኑ ነው። ሁሉም ሲስማሙ ብቻ ነው "ይሄ ጠመንጃ በዚህ ዓመት ተሠራ" ተብሎ በልበ ሙሉነት የሚነገረው።

ተራ ቁጥሩ ትንሽ ነው። ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው ማለት ነው?

ብዙ ጊዜ አይደለም። ፈረንሳይም ጣልያንም ቁጥሩ ሲሞላ ፊደል ቀይረው ከታች ይጀምሩ ነበር። ከቁጥሩ በፊት ያለችውን ፊደል ሳትቀዱ ቁጥሩን ብቻ ብትቀዱ ግማሹን አጣችሁ።

አባባ "የአድዋ ነው" ይሉ ነበር፣ ብረቱ ግን 1907 ይላል። ማንን ልመን?

ብረቱ የተሠራበትን ዓመት በተመለከተ ብረቱን። የቤተሰቡን ታሪክ በተመለከተ አባባን። ሁለቱ የግድ አይጣሉም። አድዋ የዘመተው ቅድመ አያት ሌላ ጠመንጃ ይዞ ዘምቶ፣ በኋላ ሸጦት ወይም ለውጦት፣ ይሄኛውን ሊገዛ ይችላል። የዘመቻው ወሬና የጠመንጃው ወሬ በሁለት ትውልድ ውስጥ አንድ ላይ ይጠቀለላሉ። ስለዚህ እማማን፣ አጎቶቻችሁን፣ ጎረቤት ሽማግሌ ካለ እሳቸውን ቁጭ ብላችሁ ጠይቁ። "የማን ነበር?" ብቻ አይበቃም። ከማን ገዛው፣ ስንት ከብት ሰጠበት፣ ማን ተሸለመ፣ የት ቆስሎ ይዞት ተመለሰ፣ በማን ቀብር ላይ ተተኮሰ፣ ይሄን ጠይቁ። በስልክ ቅዱ። ብረቱ ሌላ መቶ ዓመት ይቆያል፣ ሽማግሌዎቹ አይቆዩም።

ዝጓል። ላጽዳው? ቫርኒሽ ልቀባው?

እባካችሁ፣ በብርጭቆ ወረቀት አትንኩት። በአሸዋም፣ በአመድም አታሹት። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሚያብረቀርቅ ብረት ለማየት ተብሎ የፋብሪካው ስም፣ ዓመቱ፣ አክሊሉ ሁሉ ተፍቆ ይጠፋል። ከዚያ በኋላ ማንም ባለሙያ ሊመልሰው አይችልም። የሰደፉ ማኅተም ከሁሉም ቀድሞ የሚጠፋው ነው፣ አንድ ጊዜ እንጨቱ ከተላገ አበቃ።

የሚፈቀደው ይሄ ነው፦ ለስላሳ ጨርቅ፣ ጥቂት የልብስ ስፌት መኪና ዘይት፣ ትዕግሥት። ቀብታችሁ ቀኑን አሳድሩት፣ ጥረጉት፣ ድገሙት። ቀይ ዝገቱ ይለቃል፣ ጥቁሩ ይቀራል፣ ጥቁሩ ደግሞ ይቅር። እንጨቱን በደረቅ ጨርቅ ብቻ። ጭስ ያለበት ቆጥ ላይ መስቀል እንጨቱን ከነቀዝ ይጠብቅ ይሆናል፣ ጥቀርሻው ግን ጽሑፉን ይደፍነዋል፣ እርጥበት ያለበት መሬት ላይ ማስቀመጥ ደግሞ ይብሳል።

ሕጉስ?

"የድሮ ነው፣ አይሠራም" ብላችሁ ዝም አትበሉ። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ። የናንተን ጉዳይ የወረዳችሁን ፖሊስ ወይም ጸጥታ ጽሕፈት ቤት ጠይቁ። ቅርስነት ያለው ዕቃም በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 የሚታይ ነው፣ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ክልክል ነው። የውጭ ሰው መጥቶ "ልግዛህ" ካለ መልሱ ይሄው ነው።

ስንት ያወጣል?

ይሄን አልመልስም። ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት ምን እንደያዛችሁ እወቁ።

ጠመንጃው ጠፍቷል፣ ያለኝ ሳንጃው ብቻ ነው።

የውጅግራ ሳንጃ ከሆነ ከጠመንጃው በላይ ትናገራለች። ቀጭን፣ ረጅም፣ መውጊያዋ ሦስት ማዕዘን መሰል፣ እጀታዋ እንጨትና ናስ። ጀርባዋን ወደ ላይ አድርጋችሁ ከእጀታው አጠገብ ጀምራችሁ አንብቡ። በእጅ ጽሑፍ የሚመስል የፈረንሳይኛ ጽሑፍ ተቀርጿል፦ የፋብሪካው ስም፣ ወሩ፣ ዓመቱ።

ወሩ ላይ ተጠንቀቁ። ፈረንሳዮቹ አንዳንድ ወር በአሃዝ አሳጥረው ይጽፉ ነበር። 7 ቁጥር ተጽፎ ከጎኑ ትንንሽ ፊደላት ካሉ ሴፕቴምበር ነው፣ ጁላይ አይደለም። 8 ኦክቶበር፣ 9 ኖቬምበር፣ የሮማው አሥር ዲሴምበር። እጀታው አጠገብ መስቀለኛው ብረት ላይ ቁጥር ካለ እሱንም ቅዱ፣ የጠመንጃዋ ተራ ቁጥር ሊሆን ይችላል። የዘመድ ቤት ያለ ውጅግራ ላይ ያው ቁጥር ከተገኘ ሁለቱ አንድ ላይ የነበሩ ናቸው።